በአገልግሎት ላይ ስለ ተመሠረተ የሶፍትዌር አሠራር፦ ከኢስቶኒያ የመረጃ ልውውጥ ሥርዐት የሚገኝ ትምህርት

መግቢያ

ትምህርቱን የፈጸመ ተማሪ ከግቢ ከመውጣቱ በፊት «ክሊራንስ» የሚባለውን ቅጽ ይዞ ከጽሕፈት ቤት ወደ ጽሕፈት ቤት እንደሚዞር አንባቢዎቻችን ሁሉ ያውቁታል። በቤተ መጻሕፍት «ያልመለሰው መጽሐፍ የለም»፣ በመኝታ ቤት ተቆጣጣሪው ዘንድ «ቁልፉንና ፍራሹን አስረክቧል»፣ በንብረት ክፍል፣ በስፖርት ክፍልና በገንዘብ ክፍል ደግሞ «ዕዳ የለበትም» እየተባለ ይፈረምለታል፤ ማኅተምም ይመታለታል። በመጨረሻ ቅጹ ለሬጅስትራሩ ሲቀርብ ተማሪው ማስረጃውን ይቀበላል። ነገሩን አስተውለን ከተመለከትነው፣ እያንዳንዱ ክፍል የየራሱን መዝገብ ይዞ የሚኖር ሲሆን መዝገቦቹን እርስ በርሳቸው የሚያገናኛቸው የተማሪው እግር ብቻ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህንኑ ቅጽ ይዞ በዞረበት ጊዜ፣ ከአንድ ወር በፊት የመለሰው መጽሐፍ «አልተመለሰም» ተብሎ ሁለት ቀን ተመላልሷል። ጉዳዩ ሲጣራ መጽሐፉ በትምህርት ክፍሉ ቅርንጫፍ ቤተ መጻሕፍት መዝገብ ላይ «ተመልሷል» ተብሎ ተጽፎ ተገኘ፤ በዋናው ቤተ መጻሕፍት ያለው የመዝገቡ ቅጂ ግን አልታረመም ነበር። ከሁለቱ ጸሐፊዎች አንዱም አልዋሸም፤ ሁለቱም ፊታቸው ያለውን መዝገብ በትክክል አንብበዋል። ስሕተቱ አንድ ነገር በሁለት ቦታ መጻፉና ከሁለቱ ዋናው የትኛው እንደ ሆነ አለመወሰኑ ነበር።

ይህ ችግር የአንድ ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም። ባንኮች፣ ሆስፒታሎች፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችና ትልልቅ ኩባንያዎች ሥራቸውን በኮምፒዩተር ማካሄድ ከጀመሩ ወዲህ ሁሉም ያጋጠማቸው ይኸው ነው። ወረቀቱ በኮምፒዩተር ስለ ተተካ ብቻ ችግሩ አይወገድም፤ እንዲያውም የተሳሳተው ቅጂ ከቀድሞው ይልቅ በፍጥነት ይሰራጫል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ችግር መፍትሔ እንዲሆን የታሰበውን፣ «በአገልግሎት ላይ የተመሠረተ አሠራር» የሚባለውን የሶፍትዌር አቀራረጽ ማስረዳት፣ በአንዲት አገር በተግባር እንዴት እንደ ዋለ ማሳየት፣ የሚያስከፍለውንም ዋጋ ሳይደብቁ መግለጽ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እናሳስባለን።

1ኛ/ አገልግሎት ምንድን ነው?

በዚህ ጥናት ውስጥ «አገልግሎት» ስንል አንድ ክፍል በራሱ ኀላፊነት ይዞት፣ ሌሎች ክፍሎች በታወቀ ደንብ እየጠየቁ የሚጠቀሙበትን ሥራ ማለታችን ነው። አንድ አገልግሎት አገልግሎት ለመባል ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል።

የመጀመሪያው ባለቤት ነው። መረጃውን የሚመዘግብ፣ ሲሳሳት የሚያርም፣ ስለ እውነተኛነቱም የሚጠየቅ አንድ ክፍል ብቻ ይሆናል። ሌሎች ሁሉ ይጠይቁታል እንጂ በእጃቸው ያለውን ቅጂ እንደ ዋና መዝገብ አይቆጥሩም።

ሁለተኛው ውል ነው። ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሚቀርብ፣ በምን መልክ እንደሚቀርብ፣ መልሱ ምን ሊሆን እንደሚችል፣ ስሕተት ሲፈጠር ምን እንደሚባል አስቀድሞ ተጽፎ ለጠያቂዎች ይሰጣል። ለምሳሌ ያህል ሬጅስትራሩ ቤተ መጻሕፍቱን ሲጠይቅ የሚልከው የተማሪውን መለያ ቁጥር ነው፤ የሚያገኘውም መልስ «ዕዳ አለ»፣ «ዕዳ የለም» ወይም «ለጊዜው አልታወቀም» ከሚሉት አንዱ ነው እንበል። ጀማሪ ሶፍትዌር ሠሪ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሦስተኛውን መልስ ነው። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እንመለሳለን።

ሦስተኛው የውስጡ አሠራር መሰወሩ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ መዝገቡን በምን ዓይነት የመረጃ ቋት እንደሚይዝ፣ ፕሮግራሙ በየትኛው የኮምፒዩተር ቋንቋ እንደ ተጻፈ ሬጅስትራሩ ማወቅ አያስፈልገውም፤ ባያውቅም ይሻላል። ምክንያቱም ጠያቂው የውስጡን አሠራር አውቆ በእርሱ ላይ ከተመሠረተ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ነገ መዝገቡን ባሻሻለ ጊዜ የሬጅስትራሩ ፕሮግራም ይቆማል። ስለዚህ የውሉ ትልቁ ጥቅም ሁለት ክፍሎች እንዲገናኙ ማድረጉ ብቻ አይደለም፤ እየተገናኙም ቢሆን እያንዳንዱ በየራሱ ጊዜ ለመለወጥ ነጻ እንዲሆን ማድረጉ ነው።

2ኛ/ የሐሳቡ አመጣጥ

ይህ ሐሳብ በአንድ ቀን የተፈጠረ አይደለም። በ1968 ሜልቪን ኮንዌይ የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ ባወጣው ጽሑፍ፣ አንድ ድርጅት የሚቀርጸው ሥርዐት የድርጅቱን የውስጥ ግንኙነት መልክ ይዞ እንደሚወጣ አስተዋለ። ሁለት ክፍሎች እርስ በርሳቸው የማይነጋገሩ ከሆነ ሶፍትዌራቸውም አይነጋገርም ማለት ነው። የክሊራንሱ ቅጽ ለዚህ በቂ ምስክር ነው፤ ቅጹ የኮሌጁን መዋቅር በፊርማ ቦታዎች ቅደም ተከተል ያሳያልና።

ከአራት ዓመት በኋላ በ1972 ዴቪድ ፓርናስ አንድን ፕሮግራም በምን መመዘኛ ወደ ክፍሎች መከፋፈል እንደሚገባ የሚመረምር ጽሑፍ አቀረበ። ምሳሌው አድርጎ የወሰደው የጽሑፍ መስመሮችን ቃላት እያዘዋወረ በፊደል ተራ ማውጫ የሚያዘጋጅ አነስተኛ ፕሮግራም ነበር። ይህን ሥራ በሁለት መንገድ ከፈለው። በመጀመሪያው መንገድ ክፍሎቹ የሥራውን ቅደም ተከተል ተከተሉ፤ ይኸውም አንዱ ያነባል፣ አንዱ ያዘዋውራል፣ አንዱ በተራ ያስቀምጣል፣ አንዱ ያትማል። በሁለተኛው መንገድ ግን እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሊለወጥ የሚችል ውሳኔ ሰውሮ እንዲይዝ ተደረገ። በመጀመሪያው አከፋፈል መስመሮቹ በማስታወሻ ውስጥ የሚቀመጡበት መልክ ሲለወጥ ክፍሎቹ ሁሉ መታረም ነበረባቸው፤ በሁለተኛው ግን የሚታረመው አንድ ክፍል ብቻ ሆነ። «ሥራው በምን ተራ ይሠራል?» ከማለት ይልቅ «ነገ ሊለወጥ የሚችለው ውሳኔ የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ የተሻለ መሆኑን ያሳየን ይህ ጥናት ነው።

እነዚህ ሁለት ሐሳቦች በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ካሉ ክፍሎች አልፈው በመገናኛ መረብ ለተያያዙ ብዙ ኮምፒዩተሮች ሲውሉ አዲስ ስም አገኙ። በ1996 የጋርትነር ድርጅት ተመራማሪዎች «በአገልግሎት ላይ የተመሠረተ አሠራር» የሚለውን ስያሜ በጽሑፋቸው አስተዋወቁ። በ2000 ደግሞ ሮይ ፊልዲንግ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በኧርቫይን ለዶክትሬት ባቀረበው ጥናት «ሬስት» የተባለውን ቀለል ያለ የመገናኛ ስልት አብራራ። ከ2014 ወዲህ «ማይክሮሰርቪስ» በሚል ስም የተስፋፋው አሠራርም የዚሁ ግንድ ቅርንጫፍ ሲሆን አገልግሎቶቹን ይበልጥ ጥቃቅን አድርጎ ይከፍላል። ስሞቹ ቢለዋወጡም ባለቤት፣ ውልና የተሰወረ ውስጥ የሚሉት ሦስቱ ነገሮች አልተለወጡም።

3ኛ/ የመስመሮች ብዛት

መሥሪያ ቤቶች ያለ አንድ የጋራ ደንብ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ቢገናኙ ምን ይሆናል? ሒሳቡ ቀላል ነው። 10 ክፍሎች እያንዳንዳቸው ከሌሎቹ ሁሉ ጋር ቢገናኙ 10 በ9 ተባዝቶ ለ2 ሲካፈል 45 መስመሮች ይሆናሉ። ክፍሎቹ 30 ቢሆኑ መስመሮቹ 435 ይደርሳሉ። የክፍሎቹ ቁጥር በሦስት እጥፍ ሲያድግ መስመሮቹ ወደ ዐሥር እጥፍ ገደማ አደጉ ማለት ነው። እያንዳንዱ መስመር የራሱ ስምምነት፣ የራሱ ፕሮግራም፣ የራሱም ጠባቂ የሚያስፈልገው ከሆነ ወጪው የሚቻል አይሆንም።

ለዚህ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ተገኝቷል። አንደኛው መልእክት ሁሉ በመካከል ባለ አንድ ማዕከል በኩል እንዲያልፍ ማድረግ ነው። በአገራችን ባንኮች በጋራ ያቋቋሙት ኢትስዊች ለዚህ ምሳሌ ይሆናል፤ የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ባንክ የገንዘብ መክፈያ ማሽን እንዲሠራ የሚያደርገው እያንዳንዱ ባንክ ከሌላው ባንክ ጋር በተናጠል ስለ ተገናኘ ሳይሆን ሁሉም ከአንድ ማዕከል ጋር ስለ ተገናኙ ነው። ገንዘብ በሚተላለፍበትና ሒሳብ በሚወራረድበት ሥራ ይህ ተገቢ ነው፤ የሚያወራርደው ወገን ሁሉን ማየት አለበትና።

ሁለተኛው መድኃኒት ደንቡን እንጂ መልእክቱን በማዕከል አለማኖር ነው። ሁሉም በአንድ ዓይነት ደንብ ይነጋገራሉ፤ ነገር ግን መልእክቱ ከጠያቂው ወደ ተጠያቂው በቀጥታ ይሄዳል። የዜጎች የግል መረጃ በሚተላለፍበት ቦታ ይህ ልዩነት ከባድ ነው፤ ሁሉ የሚያልፍበት ማዕከል ሁሉን የሚያይ ማዕከል ሊሆን ስለሚችል። ኢስቶኒያ የመረጠችው ይህን ሁለተኛውን መንገድ ነው።

4ኛ/ የኢስቶኒያ ምሳሌ

ኢስቶኒያ በባልቲክ ባሕር ዳር የምትገኝ፣ 1.3 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት ትንሽ አገር ናት። በ1991 ነጻነቷን ካስመለሰች በኋላ መሥሪያ ቤቶቿ የየራሳቸውን የመረጃ ቋት አቋቋሙ፤ የሕዝብ መዝገብ ለብቻው፣ የተሽከርካሪ መዝገብ ለብቻው፣ የጤና መድን መዝገብም ለብቻው ነበር። እነዚህን ሁሉ አፍርሶ አንድ ትልቅ የመረጃ ቋት መሥራት አንድ አማራጭ ነበር። ይህ ቢደረግ ግን ወጪው ከባድ ከመሆኑም በላይ አንድ ሌባ ወይም አንድ ታማኝነት የጎደለው ሠራተኛ ሁሉን ነገር በአንድ ቦታ ያገኘዋል። ስለዚህ መዝገቦቹ በየባለቤቶቻቸው እጅ እንዲቆዩና የሚነጋገሩበት የጋራ ደንብ እንዲሠራ ተወሰነ። በ2001 ሥራ የጀመረው ይህ ደንብ «ኤክስ-ሮድ» ይባላል።

አሠራሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። አንድ የትራፊክ ፖሊስ መኪና ያስቆማል፤ በኢስቶኒያ አሽከርካሪው ማንነቱን ካስታወቀ መንጃ ፈቃዱን ይዞ መገኘት ግዴታው አይደለም። ፖሊሱ በመሣሪያው ላይ የአሽከርካሪውን 11 አኀዝ ያለውን የግል መለያ ቁጥር ያስገባል። ጥያቄው መጀመሪያ የሚደርሰው በጠያቂው መሥሪያ ቤት ወዳለው «የጥበቃ ሰርቨር» ነው። ይህ ሰርቨር በጥያቄው ላይ የመሥሪያ ቤቱን ዲጂታል ማኅተም ያኖራል፤ ጥያቄውንም ሌላ ሰው ሊያነበው በማይችል ምስጢር ሸፍኖ በቀጥታ የመንጃ ፈቃድ መዝገብ ወዳለበት መሥሪያ ቤት የጥበቃ ሰርቨር ይልከዋል። ተቀባዩም ማኅተሙ እውነተኛ መሆኑን፣ ይህ ጠያቂ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ በመዝገቡ ባለቤት የተፈቀደለት መሆኑን ይመረምራል። ከተፈቀደለት መልሱ በተመሳሳይ መንገድ ታትሞ ይመለሳል። የተለዋወጡት መልእክት በሁለቱም ወገን ከነሰዓቱ ይመዘገባል፤ ስለዚህ ጠያቂው «አልጠየቅሁም»፣ ተጠያቂውም «አልመለስሁም» ብሎ ሊክድ አይችልም።

ማዕከሉስ ምን ይሠራል? የአባላቱን ስምና አድራሻ፣ እንዲሁም የማንን ማኅተም ማመን እንደሚገባ የሚገልጸውን ዝርዝር ለሁሉም ያድላል። የመልእክቱን ይዘት ግን አያይም። የጥበቃ ሰርቨሮቹም ይህን ዝርዝር በእጃቸው ስለሚያኖሩ ማዕከሉ ለጥቂት ጊዜ ቢቋረጥ እንኳ ልውውጡ ወዲያው አይቆምም። አንባቢ እዚህ ላይ እንዲያስተውል የምንፈልገው የማኅተሙን ነገር ነው። በክሊራንሱ ቅጽ ላይ ማኅተሙን ተሸክሞ የሚዞረው ተማሪው ነበር፤ እዚህ ግን ማኅተሙ ከመልእክቱ ጋር አብሮ ይጓዛል።

ነገር ግን የዚህ ሥርዐት ጥንካሬ የመጣው ከመሣሪያው ብቻ አይደለም። የአገሪቱ የሕዝብ መረጃ ሕግ አንድን መረጃ ለመሰብሰብ ሁለት የተለያዩ የመረጃ ቋቶች ማቋቋምን ይከለክላል። መንግሥት አንድ ጊዜ የጠየቀውን ነገር ዜጋውን ደግሞ መጠየቅ የለበትም የሚለው መርሕ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ከዚህም የተነሣ በ2019 በተጀመረው አሠራር፣ ሕፃን ተወልዶ በሕዝብ መዝገብ ሲጻፍ የማኅበራዊ መድን መሥሪያ ቤቱ ራሱ መዝገቡን ጠይቆ ለወላጆቹ የሚገባቸውን የቤተ ሰብ አበል ያሳውቃቸዋል፤ ወላጆቹ የልደት ማስረጃ ይዘው ሊሰለፉ አይገደዱም። ዜጋው ደግሞ በሕዝብ መዝገብና በሌሎችም አንዳንድ መዝገቦች ያለውን የራሱን መረጃ የትኛው መሥሪያ ቤት መቼ እንዳየው በኮምፒዩተር ተመልክቶ፣ ያለ ምክንያት ታይቶብኛል ቢል አቤቱታ ማቅረብ ይችላል።

ሥርዐቱ ከኢስቶኒያ ውጭም ተስፋፍቷል። ፊንላንድ ተቀብላው ሁለቱ አገሮች በ2017 በጋራ የሚያለሙበት ተቋም መሠረቱ፤ አይስላንድም በ2021 አባል ሆነች። የሶፍትዌሩ ጽሑፍ ለማንም ክፍት ስለ ሆነ የፈለገ ተማሪ አውርዶ ሊያጠናው ይችላል።

5ኛ/ የሚከፈለው ዋጋ

እስካሁን ስለ ጥቅሙ ተናግረናል። ጉዳቱን ሳይናገሩ ማለፍ ግን የተመራማሪ ሥራ አይሆንም።

የመጀመሪያው ዋጋ መረቡ ራሱ ነው። በ1994 የሰን ማይክሮሲስተምስ ተመራማሪዎች ባወጡት ጽሑፍ በሩቅ ያለን ክፍል መጥራትና እዚያው በአጠገብ ያለን ክፍል መጥራት አንድ አድርጎ ማየት ስሕተት መሆኑን አስጠነቀቁ። በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ጥሪ ወይ ይሠራል፣ ወይ ሁሉም አብሮ ይቆማል። በመረብ ላይ ግን ግማሹ ሠርቶ ግማሹ ሊቆም ይችላል። ሒሳቡን እንመልከት። አንድ ሥራ ለመፈጸም 10 አገልግሎቶች በተከታታይ መመለስ ያለባቸው ቢሆን፣ እያንዳንዱም ከመቶ 99 ጊዜ የሚሠራ ቢሆን፣ አንዱ መሰናከል ከሌላው ጋር የማይያያዝ ከሆነ፣ ጠቅላላው የሚሠራው ከመቶ 90 ጊዜ ያህል ብቻ ነው፤ 0.99 ዐሥር ጊዜ በራሱ ሲባዛ 0.904 ስለሚሆን። እያንዳንዱ ክፍል በዓመት ለ4 ቀን ያህል ብቻ የሚቋረጥ ሆኖ ሳለ፣ ተጠቃሚው ግን በዓመት ለ35 ቀን ያህል አገልግሎት ያጣል ማለት ነው። እያንዳንዱ ኀላፊ «የእኔ ክፍል ደኅና ነው» ቢል እውነቱን ነው፤ በመስኮቱ ፊት የቆመው ሰው ግን ባዶ እጁን ይመለሳል።

ሁለተኛው ዋጋ የጠፋ መልስ ነው። ገንዘብ ክፍሉ ወደ ባንክ «ከዚህ ሒሳብ 500 ብር ቀንስ» የሚል ጥያቄ ይልካል እንበል። ባንኩ ይቀንሳል፤ «ቀንሻለሁ» የሚለው መልስ ግን በመንገድ ይጠፋል። ገንዘብ ክፍሉ ምን ያድርግ? ዝም ቢል ተማሪው የከፈለው አይመዘገብለትም፤ ጥያቄውን ደግሞ ቢልክ ሁለት ጊዜ ይቀነስበታል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ጥያቄ የማይደገም ቁጥር መስጠት ነው። ባንኩ ያንኑ ቁጥር ሁለተኛ ጊዜ ሲያይ እንደ አዲስ ሳይቀንስ የቀድሞውን መልስ ይደግማል። ይህ ነገር በውሉ ውስጥ በመጀመሪያው ቀን ካልተጻፈ በኋላ ለመጨመር እጅግ ያስቸግራል።

ሦስተኛው ዋጋ በብዙ ክፍሎች ላይ የሚፈጸም ሥራ መካከል ላይ መቋረጡ ነው። ወደ ትምህርቱ የሚመለስ ተማሪ አልጋ ተሰጥቶት፣ ኮርስ ተመዝግቦለት፣ ገንዘብ ክፍሉ ግን አልቀበልም ቢል አልጋውና ኮርሱ ማን ያስለቅቃል? አንድ የመረጃ ቋት ቢሆን ሁሉንም በአንድ ጊዜ መሰረዝ ይቻል ነበር። መዝገቦቹ የተለያዩ ሲሆኑ ግን ለእያንዳንዱ እርምጃ የሚያፈርሰው ተቃራኒ እርምጃ አብሮ መዘጋጀት አለበት። ሄክቶር ጋርሲያ-ሞሊናና ኬኔት ሳሌም በ1987 «ሳጋ» ብለው ያቀረቡት ስልት ይኸው ነው። በመካከሉ ግን አልጋው ለጥቂት ጊዜ የተያዘ ሆኖ ለሌሎች ይታያል፤ ይህን መቻል ያስፈልጋል።

አራተኛው ዋጋ ሁሉም በአንድ ነገር ላይ መደገፋቸው ነው። በ2017 በኢስቶኒያ መታወቂያ ካርድ ውስጥ ባለው ቺፕ የምስጢር ቁልፍ አወጣጥ ላይ ጉድለት ተገኘ፤ 760,000 ያህል ካርዶችንም ነካ። መንግሥቱ ለሕዝብ አስታውቆ በኅዳር ወር የተነኩትን የምስክር ወረቀቶች አገደ፤ ካርዶቹም አዲስ የምስጢር ስልት እንዲጫንባቸው አደረገ። ይህ የሚያሳየው ክፍሎች ሁሉ ነጻ ቢመስሉም የጋራ የሆነው ነገር ሲታመም ሁሉም አብረው እንደሚታመሙ ነው። ስለዚህ የጋራ የሚሆነው ነገር ጥቂት፣ በሚገባ የተመረመረና ሊተካ የሚችል መሆን አለበት።

ከዚህ ሁሉ የተነሣ ብዙ መከፋፈል ሁልጊዜ ጥሩ አይደለም። በ2023 የአማዞን ፕራይም ቪዲዮ አንድ ክፍል የምስልና የድምፅ ጥራት የሚቆጣጠረውን መሣሪያ ከተበታተኑ ጥቃቅን አገልግሎቶች ወደ አንድ ፕሮግራም ሰብስቦ ወጪውን ከ90 በመቶ በላይ እንደ ቀነሰ ገለጸ። ይህ የአገልግሎትን ሐሳብ አያፈርስም፤ ድንበሩ የት ላይ መሰመር እንዳለበት ያስተምራል እንጂ። አንድ ባለቤት ያለውን፣ አብሮ የሚለወጠውንና ብዙ መረጃ የሚመላለስበትን ሥራ መለያየት ትርፉ ድካም ነው። ድንበር የሚገባው ባለቤቱ በሚለያይበት ቦታ ነው።

6ኛ/ ስለ አገራችን

ይህ ጉዳይ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2023 የወጣው የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ ዐዋጅ ለነዋሪው ሁሉ 12 አኀዝ ያለው የፋይዳ ቁጥር እንዲሰጥ መሠረት ጥሏል። የፋይዳ ሥርዐት የተሠራውም በሕንድ አገር በባንጋሎር ከሚገኝ ከፍተኛ የትምህርት ተቋም በወጣው «ሞሲፕ» በተባለ፣ ጽሑፉ ለሁሉም ክፍት በሆነ ሶፍትዌር ላይ ነው። በ2024 ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ወጥቷል። እንግዲህ መሠረቱ እየተጣለ ነው፤ በላዩ የሚቆሙትን አገልግሎቶች የሚቀርጹት ዛሬ በትምህርት ላይ ያሉት ተማሪዎች ናቸው። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ልናሳስብ እንወዳለን።

አንደኛ፣ መለያ ቁጥር «ይህ ሰው ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ይመልሳል እንጂ «ዕዳ አለበት ወይ? መሬት አለው ወይ?» የሚለውን አይመልስም። እነዚህን የሚመልሱ መዝገቦች እያንዳንዳቸው ባለቤት ሊወሰንላቸው ይገባል። የሰው ሁሉ መታወቂያ ፎቶ ኮፒ በየመሥሪያ ቤቱ መደርደሪያ ላይ የሚከማችበት ልማድ፣ ፎቶ ኮፒው በኮምፒዩተር ውስጥ ስለ ገባ ብቻ መልካም ልማድ አይሆንም። ለጠያቂው የሚበቃው መልስ «አዎን፣ እርሱ ነው» ከሆነ ይኸው ብቻ ይሰጠው፤ የአባቱ ስምና የተወለደበት ቀን አይጨመርለት።

ሁለተኛ፣ ውሎቻችን የአገራችንን ሁኔታ ማወቅ አለባቸው። አንድ መሥሪያ ቤት የልደትን ቀን በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ቢጽፍና ውሉ የትኛው እንደ ሆነ ባይገልጽ፣ አንድ ሰው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያረጃል ወይም ይወጣታል። ዐሥራ ሦስተኛዋን ወር ጳጉሜንን የማያውቅ ፕሮግራምም በዚያች ወር የተወለደውን ሰው አልመዘግብም ይላል። ስምም እንዲሁ ነው፤ «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ኀይሉ» ለአንባቢ አንድ ሰው ሲሆኑ ለኮምፒዩተር ሦስት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ሰውን ከመዝገብ ጋር የሚያገናኘው ስሙ ሳይሆን ቁጥሩ መሆን እንዳለበት፣ ቀንም ሲጻፍ አቆጣጠሩ አብሮ መጻፍ እንዳለበት በውሉ ይገለጽ።

ሦስተኛ፣ ውል ሲለወጥ ጠያቂዎች አስቀድመው ሊያውቁ ይገባል። አዲስ ነገር መጨመር ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም፤ የነበረውን ማንሣት ወይም ትርጉሙን መለወጥ ግን የሌሎችን ሥራ ያቆማል። አሮጌውና አዲሱ ውል ለተወሰነና ለታወቀ ጊዜ ጎን ለጎን እንዲሠሩ ማድረግ የጨዋ ጎረቤት ሥራ ነው።

መደምደሚያ

ወደ ክሊራንሱ ቅጽ ተመልሰን እንጨርስ። ቅጹን በኮምፒዩተር እንሥራው ብንል ወረቀቱን በስክሪን ላይ መሣል አይበቃም። ተማሪው «ልወጣ ነው» ብሎ አንድ ጊዜ ያመለክታል፤ የሬጅስትራሩ ሥርዐት ቤተ መጻሕፍቱን፣ የመኝታ ቤቱን፣ የንብረቱንና የገንዘቡን ክፍል በየውላቸው ይጠይቃል፤ እያንዳንዱም ከራሱ ዋና መዝገብ ይመልሳል። የመጽሐፍ መመለስ የሚጻፈው በአንድ መዝገብ ብቻ ስለ ሆነ በሁለት ቅጂ መካከል የሚንከራተት ተማሪ አይኖርም።

ነገር ግን የስፖርት ክፍሉ ሰርቨር በዚያ ቀን ባይመልስስ? ዝምታውን «ዕዳ የለም» ብሎ መተርጎም የኮሌጁን ንብረት ያስጠፋል፤ «ዕዳ አለ» ብሎ መተርጎም ደግሞ ያለ ጥፋቱ ተማሪውን ይቀጣል። «ለጊዜው አልታወቀም» የሚለው ሦስተኛው መልስ ያስፈለገው ስለዚህ ነው። ከእርሱም ጋር አብሮ መወሰን ያለበት አለ፤ ስንት ቀን ይጠበቃል? ከዚያ በኋላ የሚወስነው ኀላፊ ማን ነው? ለተማሪውስ ምን ይነገረዋል? እነዚህን ጥያቄዎች ፕሮግራም ጸሓፊው ብቻውን ሊመልሳቸው አይገባም፤ ካልተጠየቀ ግን ሳያስበው በአንድ መስመር ፕሮግራም ይመልሳቸዋል፤ ያ መስመርም ለብዙ ዓመታት ሕግ ሆኖ ይኖራል።

ስለዚህ የአንድ ትልቅ ሥርዐት መልካምነት በመሣሪያው አዲስነት አይለካም። የሚለካው እያንዳንዱ መረጃ የታወቀ ባለቤት ያለው በመሆኑ፣ ባለቤቱ ለሌሎች የገባው ቃል የተጻፈ በመሆኑ፣ ቃሉ ሳይፈጸም ሲቀር ደግሞ ጉዳቱ በመስኮቱ ፊት በቆመው ሰው ላይ እንዳይወድቅ አስቀድሞ የታሰበ በመሆኑ ነው። ይህን ጉዳይ ለማጥናት የሚፈልጉ ጓደኞቻችን የራሳቸውን ክፍል የሥራ ቅጾች ሰብስበው በእያንዳንዱ የፊርማ ቦታ ላይ «የዚህ መረጃ ባለቤት ማን ነው?» ብለው በመጻፍ ቢጀምሩ፣ መልስ የሌላቸውን ቦታዎች በብዛት እንደሚያገኙ አንጠራጠርም፤ የጥናታቸውም ርእስ ከዚያው ይወጣል።